ከደም መድሃኒት ማውጣት አልሆነልኝም፣ ፌኖባርቢታሉ የት ነው የሚገባብኝ?

ቱቦ_ቁጥር_9፦

ሰላም ወገን እንዴት ሰነበታችሁ። የማስተርስ ቴሲሴን ፎረንሲክ ቶክሲኮሎጂ (ለፍርድ የሚሆን የመርዝና የመድሃኒት ምርመራ) ላይ እየሰራሁ ነው፣ ባጭሩ አራት መድሃኒት ከሙሉ ደም ባንድ ጊዜ አውጥቶ በጂሲ ኤምኤስ (ናሙናውን አትንኖ ለያይቶ በክብደቱ የሚለይ ማሽን) መለካት ነው ስራው። አራቱ ዲያዜፓም፣ ትራማዶል፣ ፌኖባርቢታልና አምፌታሚን ናቸው። ወረቀት ላይ ሳነበው የአንድ ሳምንት ስራ ነበር የሚመስለው፣ ይኸው ወር ሊሞላኝ ነው እዚችው ላይ ተቸክዬ ከቀረሁ።

የማደርገውን በሙሉ ልንገራችሁና ስህተቴን ንገሩኝ። ደሙ የከብት ነው፣ በጠዋት ቄራ ሄጄ ፍሎራይድና ኦክሳሌት ያለበት እቃ (እንዳይረጋና እንዳይበላሽ) ይዤ ነው የማመጣው። 1 ሚሊ ደም ላይ ስታንዳርዱን (መጠኑ የታወቀ መድሃኒት) እጨምራለሁ፣ 1 ሚሊ ቦሬት ቡፈር (ፒኤቹን የሚያስጠብቅ ፈሳሽ) ፒኤች 9.2፣ ከዛ ሄክሳንና ኢቲል አሲቴት 7 ለ 3 የተቀላቀለ ሶልቨንት (መድሃኒቱን ስቦ የሚያወጣ ፈሳሽ) 5 ሚሊ፣ ቮርቴክስ (መናጫ ማሽን) ላይ ባለ በሌለ ሀይሌ 2 ደቂቃ፣ ሴንትሪፊውጅ፣ ላይኛውን ወስጄ 60 ዲግሪ ላይ በናይትሮጅን አደርቀዋለሁ፣ በ100 ማይክሮሊትር መልሼ አሟሟና ወደ ማሽን።

ሪከቨሪው (ከጨመርኩት ስንት ፐርሰንቱ እንደወጣልኝ) እንዲህ ነው። ዲያዜፓም 86 ፐርሰንት፣ ጎበዝ ልጅ ነው ችግር የለበትም። ትራማዶል 70 አካባቢ። ፌኖባርቢታል 9!! አዎ ዘጠኝ። አምፌታሚን ደሞ አንዴ 12 አንዴ 48 አንዴ ጭራሽ የለም። በዛ ላይ ከሴንትሪፊውጅ በኋላ በደሙና በሶልቨንቱ መሀል ወፍራም ቡኒ ነገር ይቀመጥና ግማሹን ሶልቨንቴን ይዞብኝ ይቀራል።

አማካሪዬ ሶሊድ ፌዝ (ደሙን መድሃኒቱን በሚይዝ ካርትሪጅ ውስጥ ማሳለፍ) ሞክር ይለኛል ግን ያለን ካርትሪጅ 50 ፍሬ ነው፣ እሱ ካለቀ እስኪታዘዝ መመረቂያዬ ያልፋል። ጓደኛዬ ደሞ አሲቶናይትራይል ድፋበትና ጨርስ ይለኛል። የቱ ነው የሚያዋጣው? የምታውቁ ካላችሁ በናታችሁ።

አቦ_ኬሚስት፦

ብሮ 2 ደቂቃ ሙሉ ቮርቴክስ ያልከው ቅቤ ልታወጣ ነው እንዴ? 😂 ደም እኮ ፕሮቲንና ስብ ነው፣ ከሶልቨንት ጋር እንደ እርጎ ስትንጠው ይዋሃዳል፣ ያ መሀል ላይ የምታየው ቡኒ ነገር ኢሙልሽን ነው። ቱቦውን አጋድመህ ቀስ ብሎ የሚያዞር ነገር ላይ 15 ደቂቃ አስቀምጠው፣ ሮቴተር ከሌለ በእጅህ ገልበጥ ገልበጥ። የተበላሸብህን ደሞ አትድፋው፣ ፍሪዘር ውስጥ ከተህ ደሙ ሲቀዘቅዝ መልሰህ ሴንትሪፊውጅ አድርገው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይለያያል። ትንሽ ጨው መጨመርም ይረዳል።

ሌላውን ለሚያውቁት ትቻለሁ፣ እኔ የውሃ ሰው ነኝ።

ሶስተኛ_ፈረቃ፦

ወንድሜ እንኳን በዝርዝር ጻፍከው፣ ሰው እዚህ መጥቶ "አልሰራም" ብቻ ብሎ ሲሄድ ነው የሚያናድደኝ። አሜሪካ ውስጥ አንድ የአስከሬን ምርመራ ላብ ውስጥ ነው የምሰራው፣ ደም በየቀኑ ነው የማየው፣ ስለዚ ትንሽ ረዘም ላድርገው።

መጀመሪያ ፌኖባርቢታሉ የትም አልጠፋም፣ ደሙ ውስጥ ነው ያለው፣ አንተው ነህ እንዳይወጣ የዘጋህበት። መድሃኒት ወደ ኦርጋኒክ ሶልቨንት የሚሻገረው ቻርጅ ሳይኖረው ነው። ፌኖባርቢታል አሲድ ነው፣ ፒኬኤው (ግማሹ ቻርጅ የሚይዝበት ፒኤች) 7.4 አካባቢ፣ አንተ ደሞ 9.2 ላይ አስቀመጥከው፣ አስላው፣ 98 ፐርሰንቱ ቻርጅ ይዞ ውሃው ውስጥ ቁጭ ብሏል። እንደውም 9 ማግኘትህ ኢቲል አሲቴቱ አግዞህ ነው። ዲያዜፓም ደሞ ጎበዝ ስለሆነ አይደለም፣ ፒኬኤው 3.4 አካባቢ የሆነ ደካማ ቤዝ ነው፣ 5 ላይም 9 ላይም ብታደርገው ቻርጅ የለውም፣ ለዛ ነው ምንም ብታጠፋ የሚወጣልህ። ስለዚ እሱን አይተህ ሜቶዴ ይሰራል እንዳትል፣ እሱ ሁሌም ይሸውድሃል።

ትራማዶል ፒኬኤው 9.4 አካባቢ ነው፣ 9.2 ላይ ነጻ የሆነው 40 ፐርሰንት ቢሆን ነው። ታዲያ እንዴት 70 ወጣ ብትል፣ ነጻው ወደ ሶልቨንቱ በሄደ ቁጥር የቀረው ሚዛኑን ለመጠበቅ ቻርጁን እየጣለ ይከተለዋል። መጽሀፍ ላይ ከፒኬኤው በ2 ራቅ የሚለው ህግ ጥሩ ነው ግን የግድ አይደለም። አምፌታሚን ወደ 9.9 ነው፣ እሱ ላይ ፒኤችህ በእርግጥም ያንሳል፣ ግን እንደዛ የሚያዘልልህ ፒኤቹ አይመስለኝም፣ ፒኤች ቢሆን ሁሌም እኩል ዝቅ ይል ነበር። ያንተ አምፌታሚን እየተነነ ነው! ቤዝ ሆኖ ሲቀመጥ ተናኝ ነገር ነው፣ አንተ ደሞ 60 ዲግሪ ላይ ናይትሮጅን ትነፋበታለህ፣ ከደረቀ በኋላ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ነው ውጤትህን የሚወስነው። ከማድረቅህ በፊት 1 ፐርሰንት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት ሜታኖል 50 ወይ 100 ማይክሮሊትር ጣል አድርግበት፣ ጨው ይሆንልህና አይተንም። ሙቀቱን 40 አድርገው፣ ናይትሮጅኑን ዝቅ፣ ልክ እንደደረቀ አውጣው፣ ቡና ልጠጣ ብለህ ትተኸው እንዳትሄድ (እኔ ሄጄ አውቃለሁ፣ ሙሉ ባች ነው ያጣሁት)።

አሁን አራቱን ባንድ ፒኤች ላውጣ የሚለውን ሀሳብ ተወው። ካንዱ ቱቦ በሁለት ዙር አውጣው። መጀመሪያ ደሙን ፎስፌት ወይ አሲቴት ቡፈር ተጠቅመህ 5 አካባቢ አድርገው፣ ሶልቨንቱን ኢቲል አሲቴት የበዛበት አድርግ ምክንያቱም ፌኖባርቢታል ሄክሳን አይወድም፣ እዚ ላይ ፌኖባርቢታልና ዲያዜፓም ይወጣሉ። ያንን ለይተህ አስቀምጥ። ከዛ የቀረውን ደም በአሞኒያ ወደ 11 ከፍ አድርገህ በአዲስ ሶልቨንት ትራማዶልና አምፌታሚንን ታወጣለህ። ሁለተኛው ዙር ላይ ስብ ካስቸገረህ ሶልቨንቱን በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ እጠበው፣ መድሃኒቶቹ ወደ አሲዱ ይገባሉ ስቡ ሶልቨንቱ ላይ ይቀራል፣ ሶልቨንቱን ድፋው፣ አሲዱን መልሰህ ቤዝ አድርገህ እንደገና አውጣ። አድካሚ ነው አልዋሽህም፣ ግን የሚወጣው ነገር ንጹህ ነው፣ የጂሲህ ላይነርም (ናሙናው የሚገባባት የመስታወት ቱቦ) ያመሰግንሃል።

ሌላው፣ ፌኖባርቢታልን ከነዚህ ጋር እኩል አትጨነቅለት። ለህክምና ሲወሰድ እንኳን ደም ውስጥ የሚገኘው ከ15 እስከ 40 ማይክሮግራም በሚሊ ነው፣ አምፌታሚን ግን በናኖግራም ነው የምትፈልገው። ሺ እጥፍ ነው ልዩነቱ። ለፌኖባርቢታል 0.1 ሚሊ ደም ይበቃሃል።

ኢንተርናል ስታንዳርድ (የሚባክነውን ለማረም ከመድሃኒቱ ጋር አብሮ የሚሄድ መጠኑ የታወቀ ማወዳደሪያ) ስትል ደሞ የትም አላየሁም። ረስተኸው ነው ወይስ የለህም??

ዱባይ_ላብ፦

ይሄን ሁሉ መከራ ለምን? እኛ ጋ 200 ማይክሮሊትር ላይ 600 ቀዝቃዛ አሲቶናይትራይል፣ ቮርቴክስ፣ ሴንትሪፊውጅ፣ ላይኛውን ወደ ማሽን፣ በቃ። 10 ደቂቃ አይፈጅም። በቀን 80 ናሙና እንሰራለን። ሊኩድ ሊኩድ (እንዲህ በሶልቨንት ማውጣት) የድሮ ሰው ስራ ነው።

ሶስተኛ_ፈረቃ፦

@ዱባይ_ላብ እናንተ ማሽናችሁ ኤልሲ ኤምኤስ ኤምኤስ (ሳያተን በፈሳሽ የሚለያይ) ነው አይደል? ናሙናችሁም ሆስፒታል የተኛ ሰው ፕላዝማ ነው። የሱ ማሽን ጂሲ ነው፣ በአሲቶናይትራይል ፕሮቲኑን ብቻ ነው የምትጥለው፣ ጨውና ስቡ አብሮ ይመጣል፣ ያንን ጂሲ ውስጥ ብትወጋው በሁለተኛው ቀን ኮለሙ (መድሃኒቶቹን የሚለያየው ቱቦ) ለቅሶ ነው። ኤልሲ ላይም ቢሆን ፎስፎሊፒዱ (የሴል ሽፋን ስብ) ከመድሃኒቱ ጋር አብሮ ሲወጣ ሲግናሉን ያፍነዋል፣ እናንተ ዲዩቴሬትድ ስታንዳርድ (በከባድ ሃይድሮጅን የተሰራ ያው መድሃኒት) ስላላችሁ ነው የማይታያችሁ። እሱም ቢሆን ሬሾውን ነው የሚያስተካክለው እንጂ የታፈነውን ሲግናል አይመልስም። 1 ናኖግራም ስትፈልግ ያኔ ይገባሃል።

ፕላዝማና ሙሉ ደምም አንድ አይደሉም። ክሎሮኪንን እንደ ምሳሌ ብትወስድ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ነው የሚከማቸው፣ ሙሉ ደም ላይ የምታገኘው ቁጥር ከፕላዝማው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የሆስፒታል ሰንጠረዥ ይዞ የአስከሬን ደም የሚተረጉም ሰው ሳይ ያመኛል።

ዱባይ_ላብ፦

እሺ ጂሲ መሆኑን አላየሁም ነበር፣ እሱ ላይ ልክ ነሽ። የድሮ ሰው ስራ ያልኩትን ግን አላነሳም 😁

ጋሽ_ላቦራቶሪ፦

የድሮ ሰው ስራ ስትል ሰማሁና ዝም ልል አልቻልኩም ልጄ። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ኬሚስትሪ ነበር የማስተምረው፣ ይቺን ታሪክ በየአመቱ ክፍል ውስጥ አወራት ነበር።

በ1850 ቤልጅየም ውስጥ ቦካርሜ የሚባል መኳንንት፣ እዳ አንገቱ ድረስ የደረሰ ሰው፣ የሚስቱን ወንድም ለውርስ ብሎ በኒኮቲን ገደለው። ኒኮቲኑን ከትምባሆ ቅጠል እራሱ ነው አጣርቶ ያወጣው፣ ኬሚስትሪ ለዚሁ ብሎ ተምሮ! በዚያን ጊዜ የአትክልት መርዝ ከሰው ገላ ውስጥ ለይቶ ማሳየት አይቻልም ነበር፣ አርሴኒክን ያወጡታል፣ እንደ ኒኮቲንና ሞርፊን ያለውን ግን ስጋውን ሲያቃጥሉት አብሮ ይጠፋል። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሬሳው ላይ ኮምጣጤ አፍስሰውበት ነበር፣ ማስረጃ ለማጥፋት። ዣን ስታስ የሚባለው ኬሚስት ናሙናው ተላከለትና ምን አደረገ፣ በአልኮልና በአሲድ ፕሮቲኑን ጣለ፣ አጣራ፣ ከዚያ አልካሊ ጨምሮ በኤተር ናጠው። ኤተሩ ሲተን ኒኮቲኑ ቀረ፣ ሽታው ራሱ ይናገራል። ሰውየው በ1851 በጊሎቲን ተቀጣ። ጥቂት አመት ቆይቶ ኦቶ የሚባል ጀርመናዊ አሻሻለውና እስካሁን የስታስ ኦቶ ዘዴ እየተባለ ይጠራል።

እንግዲህ ኮምጣጤውን አስቡት። አሲድ ነው፣ ኒኮቲኑን ጨው አድርጎ ያዘለት፣ ሊያጠፋው ያሰበው ነገር አቆየለት። እህታችን ከላይ አምፌታሚኑ ላይ አሲድ ጣል አድርግ ያለችህ ያው ነገር ነው።

ሶስተኛ_ፈረቃ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ 🙏 የኮምጣጤዋን ነገር ከዚህ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

ቱቦ_ቁጥር_9፦

ኧረ እናንተ ሰዎች ኑሩልኝ። ጋሼ እርስዎንም አመሰግናለሁ፣ ዲፌንሴ ላይ ይቺን ታሪክ ካላወራሁ።

እህቴ ኢንተርናል ስታንዳርድ የለኝም፣ አልረሳሁትም። ዲዩቴሬትዱ ዋጋው ሲነገረኝ ጆሮዬን ነው የያዝኩት። ምን ልጠቀም? ደሞ ስለ ሶሊድ ፌዙ አልመለሽልኝም፣ 50ዋ ካርትሪጅ ሚክስድ ሞድ ነች ይላል ካርቶኑ ላይ።

ሶስተኛ_ፈረቃ፦

ኧረ ሚክስድ ሞድ ካለህማ ላንተ ስራ የተሰራ ነው። እዛ ካርትሪጅ ውስጥ ሁለት ነገር ነው ያለው፣ አንዱ ስብ ወዳድ ሰንሰለት ነው፣ ሌላው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለውን የሚይዝ። ደምህን ፎስፌት ቡፈር ፒኤች 6 ላይ ታቀጥነዋለህ፣ በዛ ፒኤች ትራማዶልና አምፌታሚን ፖዘቲቭ ናቸው፣ ቻርጁ ይይዛቸዋል፣ ፌኖባርቢታል ቻርጅ የለውም፣ ሰንሰለቱ ይይዘዋል። ካርትሪጁን በሜታኖል ከዛ በቡፈር ታረጥበዋለህ፣ ደሙን በቀስታ ታሳልፋለህ፣ በደቂቃ 1 ወይ 2 ሚሊ፣ ከዛ በላይ ካስሮጥከው ሳይያዝ ያልፋል። በውሃና በቀጭን አሴቲክ አሲድ ታጥበዋለህ፣ በደንብ ታደርቀዋለህ (ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ነው)፣ ከዛ በሄክሳንና ኢቲል አሲቴት ፌኖባርቢታሉን ታወርደዋለህ። ቀጥለህ በሜታኖል ታጥባለህ። ልብ በል ሜታኖሉ ከፌኖባርቢታሉ በኋላ ነው፣ ካስቀደምከው ይዞብህ ነው የሚሄደው። መጨረሻ ላይ ዳይክሎሮሜቴን፣ አይሶፕሮፓኖልና አሞኒያ 78 ለ 20 ለ 2፣ ያኔ ቤዞቹ ቻርጃቸውን ጥለው ይወርዳሉ። ይሄኛውን ድብልቅ በየቀኑ አዲስ አዘጋጅ፣ አሞኒያው ይተንና ለምን አልወረደም ብለህ ሶስት ቀን ታለቅሳለህ። ዲያዜፓም ሁለቱም ላይ ብቅ ሊልብህ ይችላል፣ አትደንግጥ፣ የት እንደሚያመዝን አይተህ ወስን።

እኔ ብሆን ግን 50ዋን አሁን አልነካትም። በሊኩድ ሊኩድ ጨርስና ካርትሪጇን ለማወዳደሪያ ምእራፍ አስቀምጣት። ደሞ ካርትሪጅ ትኩስ የከብት ደም ላይ እንደዚህ እንደ ጻፍኩት ቆንጆ ሆኖ ይወርዳል፣ እኛ ጋ የሚመጣው ደም እኮ አንዳንዴ የረጋ፣ አንዳንዴ የሸተተ፣ አንዳንዴ እንደ ሽሮ የወፈረ ነው፣ ሳታቀጥንና ሴንትሪፊውጅ ሳታደርግ ካፈሰስከው ይደፈንና ቫኪዩሙን እያየህ ትቀመጣለህ። የተበላሸ ደም ላይ ደሞ ባክቴሪያው የራሱን አሚኖች ይሰራል፣ ፌኔቲላሚን አንዱ ነው፣ ለአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው። ለዛ ነው አምፌታሚንህን ዴሪቫታይዝ ሳታደርግ (በኬሚካል ቅርጹን ሳትቀይር) ጂሲ ላይ አታምነው የምልህ፣ እንዲሁ ብትወጋው ትልቁ አዮንህ (ማሽኑ የሚያየው ስብርባሪ) 44 ነው የሚሆነው፣ 44 ደሞ ምንም አይነግርህም። በኤችኤፍቢኤ (ለዚሁ በሚሆን ኬሚካል) አድርገው፣ 240ን፣ 118ን፣ 91ን ታገኛለህ።

ስለ ኢንተርናል ስታንዳርዱ፣ ዲዩቴሬትድ ካልቻልክ ለአሲዱ ዙር ሄክሶባርቢታል፣ ለቤዙ ፕሮአዲፌን ሰዎች ይጠቀማሉ። ለአምፌታሚን ግን ፕሮአዲፌን አይሆንም ምክንያቱም እሱ አይተንም፣ የጠፋብህን አያሳይህም። ከአማካሪህ ጋር ተነጋገርና የአምፌታሚኗን ብቻ ዲዩቴሬትድ ግዙ። እና ደሙ ላይ ነው የሚጨመረው እሺ? ከሁሉም በፊት፣ ቡፈሩ ሳይገባ። ጨምረህ 15 ወይ 20 ደቂቃ ተወው ከፕሮቲኑ ጋር ይተዋወቅ። መጨረሻ ላይ ጨምረው ሪከቨሪያችን መቶ ነው የሚሉ ሰዎች አይቻለሁ፣ ሳቄ ነው የሚመጣው።

ሪከቨሪህንስ ከምን ጋር አወዳድረህ ነው ያሰላኸው? ከንጹህ ስታንዳርድ ጋር ከሆነ ልክ አይደለም። ባዶውን ደም አውጣ፣ ያወጣኸው ላይ መድሃኒቱን ጨምርና ከሱ ጋር አወዳድር፣ ያኔ የማውጣቱን ችግርና የማትሪክሱን (የደሙን የራሱን) ችግር ለያይተህ ታየዋለህ።

ሐረር_በር፦

ይቅርታ ጥያቄ ልቀላቅል፣ እኔ ደሞ ጫት ላይ ነው የምሰራው፣ የጫቱን አነቃቂዎች ካቲኖንና ካቲን ከደም። ከላይ በአሞኒያ 11 አድርገው ያልሽውን እኔም ልጠቀመው? እነሱም ቤዝ ናቸው አይደል።

ሶስተኛ_ፈረቃ፦

@ሐረር_በር ኧረ ተው! ካቲን ይችለዋል፣ ካቲኖን ግን አይችልም፣ ቤዝ ውስጥ ሲቆይ ሁለት ሁለት እየተጣበቀ ሌላ ነገር ይሆናል። ቅጠሉ ሲደርቅ እንኳን እየቀነሰ የሚሄደው እሱ ነው አይደል፣ ለምን ይመስልሃል በርጫ ትኩሱ የሚወደደው 😄 ሚክስድ ሞድ ካገኘህ በፒኤች 6 ጫን፣ በአሞኒያው ድብልቅ እንዳወረድከው ወዲያው አሲዷን ጣል አድርግና አድርቅ፣ ቤዝ ውስጥ የሚቆይበትን ደቂቃ አሳጥረው። ሊኩድ ሊኩድ የግድ ከሆነ 9 አካባቢ ሆነህ በፍጥነት። ደሙንም ፍሪዘር እንጂ ፍሪጅ አትመነው።

እና ኢሚዩኖአሴይ (በፀረ እንግዳ አካል የሚሰራ ፈጣን ኪት) ለምርመራ ብትጠቀም ካቲን ለአምፌታሚን ኪት ሊጮህልህ ይችላል፣ ኪቱን ብቻ አይተህ አምፌታሚን ተጠቅሟል ብለህ ሰው እንዳታስወነጅል።

ሐረር_በር፦

ኡፍፍ እንኳን ጠየቅኩ። 3 ሳምንት ካሊብሬሽኔ (የመለኪያ መስመሬ) ለምን እንደሚንሸራተት አሁን ገባኝ፣ በአሞኒያ አድርጌ ምሳ እበላ ነበር።

ቱቦ_ቁጥር_9፦

ከ2 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። በሁለት ዙር አደረግኩት፣ ቮርቴክሱን ትቼ እያጋደምኩ ማዞር፣ 40 ዲግሪ፣ አሲድ ያለው ሜታኖል። ፌኖባርቢታል 77፣ ዲያዜፓም 88፣ ትራማዶል 85፣ አምፌታሚን 72፣ እሱም ስድስቴ ደጋግሜ ከ69 እስከ 75 ነው የሚጫወተው!!! መሀል ላይ ያቺ ቡኒ ነገር አሁንም አለች ግን ቀጭን ነች፣ ከፍሪዘር በኋላ ትለቃለች። የአምፌታሚኗ ዲዩቴሬትድ ታዛለች፣ እስክትመጣ ቫሊዴሽኑን (ዘዴው አስተማማኝ መሆኑን ማረጋገጡን) ልጀምር ነው።

ሶስተኛ_ፈረቃ፦

ወይ ጉድ፣ እሰይ የኔ ወንድም! ቫሊዴሽን ከመጀመርህ በፊት አንድ ነገር፣ ይሄ ሁሉ ካንድ ከብት ደም ነው?

ቱቦ_ቁጥር_9፦

አዎ ባንድ ጠዋት 1 ሊትር ወስጄ ከፋፍዬ ነው ያስቀመጥኩት።

ሶስተኛ_ፈረቃ፦

እሱማ አይበቃም። እኛ የምንሰራበት ስታንዳርድ፣ ኤኤስቢ 036 የሚባለው የአሜሪካ ፎረንሲክ ቫሊዴሽን መመሪያ፣ የሚጋጭ ነገር አለመኖሩን ለማየት ቢያንስ ከ10 የተለያየ ምንጭ ባዶ ደም ይላል። አንድ ከብት የሷን ስብ ነው የሚያሳይህ። እና ቢቻል ከደም ባንክ ጊዜው ያለፈበት የሰው ደም ጠይቅ፣ ፈቃዱን በአማካሪህ በኩል አስጨርስ።

አቦ_ኬሚስት፦

10 ከብት?? ቄራዎቹ ነጋዴ መስለሃቸው ዋጋ ሊጠይቁህ ነው 😂

ቱቦ_ቁጥር_9፦

ዘበኛው እኮ አሁንም "የደም ልጅ" ነው የሚለኝ። ማክሰኞ ሄጄ ከ10 ለየብቻ አመጣለሁ፣ ቱቦዎቹ ላይ ቁጥር እየጻፍኩ ነው።